ፖስታ ቤታችን ሥራ ያቆመ ሰሞን

በዚያ ሰሞን አርባ ምንጭ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር፤ የፖስታ ቤት ሠራተኞችን የሚረግምና የሚያመሰግን። መሃል ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከሚረገሙት አንዱ የእህቴ ባል ነበር፤ የምበላውም ከእሱ ገበታ ነበር።

ዘመኑ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከኮሌጅ ዲፕሎማዬን ይዤ ወጥቼ እህቴ ቤት ሥራ ፍለጋ ተቀምጫለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ለአንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ተፈትኜ፣ «ያለፋችሁትን ለቃል ፈተና በፖስታ እንጠራችኋለን» ተብዬ ተመለስኩ። ቤት ድረስ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው የለም። የራሱ የፖስታ ሣጥን የሌለው የትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የባለሱቅ ሣጥን ይዋሳል፤ እኔም እህቴ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ሣጥን ቁጥር ሰጥቼ ነበር። ስልክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ያ ጥሪ ከመጣ የሚመጣው አውቶቡስ ላይ ተጭኖ በከረጢት ነው፤ ካልደረሰኝም ወንበሩ ለሌላ ሰው ነው።

የእህቴ ባል ሥራው ይህን ከረጢት ተቀብሎ ደብዳቤውን በየሣጥኑ መክተት ነው። «ተቀብሎ» ሲባል ቀላል ይመስላል። የፖስታ ቤቱ መኪና ከተበላሸች ቆይታለች፤ እሱና ጓደኞቹ ከረጢቱን ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሴቻ ያንን ዳገት በትከሻ ያወጡት ነበር፣ ያውም በአርባ ምንጭ ፀሐይ። እሁድም አውቶቡስ ከመጣ እሁድም ይሸከማሉ፤ ለእሁዱ የሚከፈል ግን የለም። ጣሪያው ስለሚያፈስ ዝናብ ሲጥል የሰው ደብዳቤ ላይ ላስቲክ ያለብሳሉ። የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቁ «ይታሰብበታል» ይባላሉ። ሲታሰብበት ልጆቻቸው አደጉ።

አንድ ሰኞ በሰዓታቸው ገቡ፣ በሩን ከፈቱ፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር አግዳሚ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ቴምብር እንኳ አልሸጡም። ኃላፊው ከአውቶቡስ የወረዱትን ከረጢቶች በጋሪ አስመጥቶ፣ እንደታሸጉ ከመስኮቱ ጀርባ ከመራቸው። እዚያው ከውጭ ሆነን እናያቸዋለን። እኔማ የትኛው ውስጥ እንዳለሁ ለማወቅ አንድ በአንድ አፈጥባቸው ነበር።

የከተማው ሸንጎ ያለው ሻይ ቤት ነው። ከሁሉ በላይ ድምፁ የሚሰማው ከጫኖ ሙዝ እየጫነ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነበር። «የመንግሥት ደሞዝ እየበሉ ጥላ ሥር መጋደም! እኔ ከአዲስ አበባ ትልቅ ጉዳይ እየጠበቅኩ፣ ሙዜ እየበሰለ!» ይላል። የኮሌጅ ተማሪዎቹ ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ናቸውና የእናት የአባታቸው ደብዳቤ እዚያው ከረጢት ውስጥ ታስሮ እያለ «መብታቸው ነው!» ብለው ለአድመኞቹ ዳቦ ይገዙላቸዋል። ሁለቱ ወገን ሲጯጯህ ባለሻይ ቤቷ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ፣ «እናንተ አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን ነው የምትመቱት። ጎበዝ ከሆናችሁ ኃላፊውን ሂዱና ጠይቁት» አለች። ነጋዴው ሻዩን ጨልጦ ወጣ፤ ወደ ኃላፊው ግን አልሄደም።

አንድ የዶርዜ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሸማኔ ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም እንደ ወንድ ነው የሚጠሩት፤ እኔን ሴቷንም ጭምር። ሲያዝኑልኝ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ወረቀትህ ይመጣል። ሰው የእህትህን ባል ሲሸከም አላየም፣ ሲቀመጥ ግን አየ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ልክ መሆናቸው ጥሪዬን አያመጣም፤ ሆዴ ሁለት ቦታ ተከፈለ።

ቤት ውስጥ ያለው ክርክር ከሻይ ቤቱ ይብስ ነበር። ከበቆሎ ዱቄት የተድቦለቦለ ኩርኩፋ በሀለኮ ቅጠል ቀርቦ ሦስታችን ከበን ተቀምጠናል።

«የፖስታ ቤቱ ቁልፍ ኪስህ ውስጥ አይደለም ወይ?» አለች እህቴ። «ገብተህ የእሷን ብቻ ብታይ ምን ትሆናለህ?»

«ዛሬ የእሷን ካየሁ ነገ የወንድሜን፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤቴን አያለሁ። ያኔ እኛ ሥራ ያቆምን ሳንሆን ለዘመድ ብቻ የምንሠራ ሰዎች ሆንን ማለት ነው።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለች።

«ከረጢት መሸከም ሹመት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳትወድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ተናድጃለሁ።

«ጋሼ፣ ጥሪው እዚያ ውስጥ ሆኖ ቀኑ ቢያልፍብኝስ?» አልኩት።

የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። «እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው፣ እህቴ» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ከዚያ ቀን በኋላ እራት ሲቀርብ አንዴ ሁለቴ ይቀማምስና ይተወዋል። እህቴም ስለ ቁልፉ ማንሳት ተወች።

ያ የሙዝ ነጋዴ ከባለሱቆች ጋር መክሮ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ አልፈኸው አትሄድም፤ ደም ያለበት ሰው እንኳ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ሠራተኞቹ ፊት ይንበረከኩ፣ እነሱም ያፍሩና ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነው ነገሩ። ነጋዴው የረሳው፣ ወይም ሙዙ ያስረሳው፣ አንድ ነገር አለ፤ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ሣር አይነቅልም። ሰዎቹን ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም ሸንጎ በሚቀመጡበት ሜዳ ላይ ጠርተው ሲሰሙ አረፈዱ። ስለ ዳገቱም፣ ስለ እሁዱም፣ ስለ ጣሪያውም ሰሙ። ከዚያ ሣራቸውን ይዘው ተነሱ፤ ጎረቤታችን ሸማኔው ከፊት ነበሩ።

ከተማው ከኋላ ተከተለ። ከማንጎው ሥር ያሉት ሠራተኞች ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ደንግጠው ቆሙ። የእህቴ ባል ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ከተንበረከኩለት አድማው አለቀ፣ የጠየቁትም ውሃ በላው። ሽማግሌዎቹ ግን ሰላም ብለዋቸው አለፉ። ደረጃው ሥር ደርሰው ኃላፊው ቢሮ በር ላይ ተንበረከኩ።

ኃላፊው ከሰሜን በኩል ተዛውሮ ከመጣ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ሣሩን ሲያይ ለበዓል ጉዝጓዝ ያመጡ መስሎት እንደነበር በኋላ እየሳቀ ነግሮናል። ያኔ ግን ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰዎች መሬት ላይ በጉልበታቸው ሲያይ ክው አለ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ሮጦ ወጥቶ፣ «ኧረ በእግዚአብሔር! ተነሱ አባቶቼ፣ ተነሱ!» እያለ ተራ በተራ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። የተንበረከከውን ሽማግሌ ያነሳ ሰው የተጠየቀውን ፈቀደ ማለት ነውና። ኃላፊው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ጸሐፊዋ ጠጋ ብላ ጆሮው ሥር ስታንሾካሹክ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምንድን ነው የተስማማሁት?» አለ።

ሸማኔው ነገሩት። ለከረጢቱ ጋሪ፣ ለእሁዱ ክፍያ፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ። የደመወዙ ጉዳይ የአዲስ አበባ መሆኑን እንደሚያውቁና፣ ግን ዛሬውኑ ጽፎ እንዲልክ እንደሚፈልጉም ጨመሩ። ሰውዬው ሁሉንም ሰማ፣ ሣሩን አየ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አየ። «እንግዲህ አንዴ አንስቻችኋለሁ፤ መልሼ አላንበረክካችሁም» አለ። ያን ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኩት። ጋሪው በማግስቱ መጣ፣ ጣሪያውም ክረምት ሳይገባ ተሠራ። ደመወዙ ግን ዘገየ።

ያኔውኑ ሥራ ተጀመረ። የሚረግመውም የሚያመሰግነውም መስኮቱ ላይ ተደፋ። የእህቴ ባል የከረጢቶቹን ማሸጊያ ሽቦ እየቆረጠ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋል። ለተማሪዎቹ እፍኝ እፍኝ ደረሳቸው፤ አንዱ የእናቱን ጽሑፍ ከሩቅ አውቆ ጮኸ። ሸማኔውም አዲስ አበባ ከሚሸምን ወንድማቸው መጣላቸው። የሙዝ ነጋዴው ትልቅ ጉዳይ ሲፈለግ ሲፈለግ ታጣ። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» አለች ባለሻይ ቤቷ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሣጥን የገባው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ሰርኩላር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ከረጢት ባዶ ሆነ። ሰዉ መበታተን ጀመረ። እኔ እንደ ነጋዴው የሌለ ነገር ስጠብቅ መክረሜ ገባኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሸክም ወረደልኝ። ቀኑ አላለፈብኝም፤ አልጠሩኝም፣ በቃ። በእህቴ ባል ላይ የምይዘው ቂም የለኝም።

እሱ ግን አልተነሳም። ሰሞኑን ሁሉ ደብዳቤዬን ከዚያ ውስጥ እንዳያገኘው ሲፈራ የከረመ ሰው፣ አሁን ሊያገኘው ፈለገ። ከረጢቱን ገለበጠው፣ አራገፈው፣ ደግሞ ሌላውን አነሳ። ኃላፊው «በቃ፣ ባዶ ነው እኮ» ሲለው አልሰማውም። ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ጥግ ጥጉን ይዳብሳል።

«ጋሼ፣ ተወው» አልኩት በመስኮቱ። «የለም።»

«ቆይ እህቴ፣ ስፌቱ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሥራ ባገኝ ከእኔ የበለጠ ደስ የሚለው ሰው እዚያ ወለል ላይ ተንበርክኮ ነበር። በጎን በር ገብቼ አጠገቡ ተንበረከክሁና፣ ሌላውን ከረጢት ይዤ አብሬው ፈለግሁ።