ሁለት ጊዜ የተፈተነው ሬዲዮ

አባቴ ያን ጥቁር ሬዲዮ «አልፏል» ሲሉ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ራሳቸው የጣሉት እንደሆነ ያውቁ ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። አባቴ በሕይወት አሉ፤ ይህን ስጽፍ ከእኔ አራት እርምጃ ርቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጠይቃቸው ግን አልደፈርሁም። አውቀው ከሆነ አዝነውልኝ ነው። ካላወቁ ደግሞ ጆሯቸው ከድቷቸዋል ማለት ነው፤ ያን ከአፋቸው ከምሰማ ሳላውቀው ብቀር ይሻለኛል።

አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። በስማዳ በኩል ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ አስተምረዋል። ለምስክር፣ ለመምህርነት ለሚያበቃው የመጨረሻ ፈተና፣ የተዘጋጀ ተማሪ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይታያል፤ እሳቸው ካላሳለፉት ወደ ምስክር ቤቱ መንገድ አይጀምርም። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ እኔ ዘንድ መጡ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ ወዲህ ነገር ካልተጣራ አይዋጥልኝም።

ደብሩን ትተው ሲመጡ ከሁሉ የጎዳቸው ዝምታው ነበር። ሃምሳ ተማሪ ባንድ ጊዜ ሲያዜም የኖረ ጆሮ፣ ከእኔ ቤት የወረቀት ድምፅ ብቻ ሆነበት። መጀመሪያ ከተማውን ማረም ጀመሩ። ከመናኸሪያው ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» ሲል፣ «ይህ ሰው መጨረሻውን ይቆርጠዋል፤ ሂጂና ንገሪው» አሉኝ። ሄጄ ነገርሁት። «አባቴ ‹ታቦር› ላይ ሳብ አድርገው ብለውሃል» ስለው ትንሽ አየኝና፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳብ አደረገው። በሦስተኛው ቀን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። አባቴም ተስፋ ቆረጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ግማሽ እንጀራ መጨረስ አቃታቸው። ጆሮ ሥራ ሲፈታ ሰውየውም አብሮ እንደሚፈታ ያን ጊዜ አየሁ።

ስለዚህ ሬዲዮ ልገዛ ተነሣሁ። መስፈርቴን በደብተር ጻፍሁ፦ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይም በመብራትም የሚሠራ፣ ዝቅ ሲል የማይንሾካሾክ፣ ከፍ ሲል የማይሰነጠቅ፣ ቁልፎቹ በዳሰሳ የሚለዩ። ባለሱቁ ደብተሩን ሲያይ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ሬዲዮ ነው ወይስ በሬ የሚገዙት?»

«እዚህ ላይ ቁጥሩ ዘጠና አራት ይላል፤ ጣቢያው ግን ከዘጠና ስድስት አጠገብ ነው የሚሰማው» አልሁት።

«ታዲያ ጣቢያው ተሰማ አይደል? ይውሰዱት፤ ካልተስማማዎት ይመልሱታል።»

ይህን በማለቱ ኋላ ተጸጽቷል።

የመጀመሪያውን፣ ጥቁሩን፣ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ከፈትሁት። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «በል ጀምር» አሉ። ተማሪ የገባ መስሎኝ ዞር አልሁ፤ ለካ ለሬዲዮው ነው። ዜና አንባቢው መኪና ገደል ገብቶ ሰው መሞቱን ያነባል።

«ተው!» አሉ አባቴ። «የሞት ወሬ እንዲህ በአራራይ ዜማ ይለዝባል? ይህ የዕዝል ቦታ ነው። መልስ!»

ዜና አንባቢው ወደ አየር ጠባይ አለፈ።

«መልስ እያልሁት ይቀጥላል!»

«አባዬ፣ ሬዲዮ እኮ ወደ ኋላ አይመልስም።»

«የማይመለስ ተማሪ ምን ሊሠራ መጣ? ገና ነው፤ ይሂድ።»

መለስሁት። ባለሱቁ አገላብጦ አየው። «ምን ነካው? አይሰማም?»

«ይሰማል። ፈተናውን አላለፈም።»

ጉዳዩን ሲረዳ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ግን መላ አላጣም። ፍላሽ የሚጎርስ አረንጓዴ ሬዲዮ አወጣ። «ይኸኛው እንዳሻቸው ይደግምላቸዋል።» በፍላሹ ላይ መዝሙር ነበር። አባቴ «መልስ» ሲሉ ቁልፉን ተጫንሁ፤ መለሰ። ደግመው «መልስ» አሉ፤ መለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ።

«ያንኑ ስህተት፣ እዚያው ቦታ፣ ሦስት ጊዜ! ሰው ሲታረም ቢያንስ ሌላ ስህተት ይሳሳታል። ይህ ልብ የለውም።»

ሦስተኛው ቀይ ነበር፤ ባትሪ መብራት ጭምር ያለው። እሱ ደግሞ ገና ስከፍተው ሁለት ሰዎች ሲሳሳቁ ተገኘ። አባቴ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ሳቁ አላለቀም። «ፈታኝ ፊት!» ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ዘጋሁት።

በዚያ ሳምንት ሬዲዮው ብቻ አልነበረም የወደቀው። አልፎ አልፎ የድሮ ተማሪዎቻቸው ለመታየት እስከ ቤቴ ይመጡ ነበርና፣ አንድ ድምፀ መልካም ዲያቆን መጥቶ ግማሹን ሳይጨርስ መለሱት። እኔ ልቤ ያዘነው ግን ለሬዲዮው ነው። አባቴ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

ባለሱቁ ስደርስ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «እትዬ ይሙቱ፣ እኔ ሬዲዮ ነው የምሸጥ፤ መሪጌታ አልሸጥም። ያለኝ ያ የመጀመሪያው ጥቁሩ ብቻ ነው።»

ጥቁሩን ይዤ ተመለስሁ። ከዚያ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ቤት ውስጥ አንድ ባዶ ማኅደር ነበር፤ መጽሐፉ ለደብሩ ተሰጥቶ የቆዳ ማደሪያው የቀረ። ሬዲዮውን ከዚያ ውስጥ ከተትሁት። ልክ ሆነ፤ አንቴናው በማንገቻው ቀዳዳ ወጣ። በደብተሬም «ከአቧራ ለመጠበቅ» ብዬ ጻፍሁ፤ በዚያ ደብተር ውስጥ ያለ ብቸኛ ውሸት እሱ ነው።

«አዲስ ነው?» አሉ አባቴ።

«ከሱቅ አሁን ያመጣሁት ነው» አልሁ። እውነት ነው፤ ግን አይደለም።

እጃቸውን ዘርግተው ቆዳውን ዳሰሱት። ወገባቸው ቀና አለ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ከፈትሁት። ያው ዜና አንባቢ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ችኮላ! አባቴ እስከ መጨረሻው አንዴም «ተው» ሳይሉ ሰሙት። ሲያልቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትንሽ ይቸኩላል። ግን ካለፈው ተሻሽሏል። አልፏል።»

የዚያን ዕለት ሙሉ እንጀራ በሉ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ከእሳቸው አይለይም፤ ቀኑን ሙሉ ያርሙታል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ አይታረምም። ሁለቱም ደህና ናቸው። በማግሥቱ ያ የወደቀው ዲያቆን ተመልሶ መጣ። እሱንም አሳለፉት። እሱን ሲያሳልፉ እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ጥፍሬን እበላ ነበር።

ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር ዓመት አለፈ። ባለፈው ግንቦት ያ ዲያቆን ተመስክሮ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ መሪጌታ ተብሎ እጅ መንሻ ማር ይዞ መጣ። አባቴ መረቁት። ስሸኘው ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን ዳገት አብረን ወጣን። እሱ የአባቴን ጆሮ ያወድሳል። «እንደ የኔታ ያለ ጆሮ በጋይንትም በእስቴም የለም፤ ፀጉር የምታህል ስህተት አታመልጣቸውም» ሲለኝ መሸከም አቃተኝ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ጥቁሩን፣ ማኅደሩን፣ «ተሻሽሏል» ያሉትን።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«ሬዲዮው ያለፈው ከእኔ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በአንድ ቀን ይቀድምዎታል።»

ትንሽ ሄደና ቆመ። «እቴ፣ እኔም እኮ መጀመሪያ ወድቄ ነበር። በሳምንቱ ስመለስ ምን ለብሼ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽቼ ዓመት ከፍዬበታለሁ።

«አዲስ ጋቢ» አልሁ። «ወፍራም ጥለት ያለው። ሲገቡ አባቴ ጫፉን ይዘው ዳሰሱት።»

መሪጌታው ፊቱ ዐመድ መሰለ። መናኸሪያው በር ደርሰን ነበር፤ የሚሄድበት ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያሰማል። እሱ ግን ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈና እጄ ላይ አስቀመጠው። ጥምጥሙንም ፈታ። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ፣ ዳገቱን ወደ ቤቴ መልሶ ቁልቁል ወረደው።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እናት፣ ሰውየው አይሄዱም እንዴ?»

«ፈተና አለባቸው» አልሁት።