መቆሚያ ያልተውኩበት ሳሎን

ሥራውን የጀመርኩት ልቆጣ ገብቼ ነው። ልጄ መቅደስ ከኮሌጅ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቤት የሚሠራበት ጨዋታ ስትጫወት አገኘኋት። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት ሰው በአሻንጉሊት ቤት ስትጫወት አይቶ ዝም የሚል አባት ስለ ልጁ ይጠየቃል ብዬ አምናለሁ። ተግሣጼን ሳልጀምር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው በር ዓይኔን ያዘው።

«ይህ በር ወዴት ነው የሚከፈተው?» አልኳት።

«ወደ ውስጥ።»

«እንግዲያው ቁም ሣጥኑን ይመታዋል።»

«ጨዋታ ነው እኮ፣ አባዬ። እዚህ በር ምንም አይመታም።»

«በር የማይመታበት አገር የለም። አዙሪው።»

አዞረችው። የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ይኸው ነው።

እኔ በላሊበላ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አናጢ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ መልሼ በመግጠም ተማርኩት። የሆቴል አልጋና ጠረጴዛ በብዛት ሠርቻለሁ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሎቹ ዕቃ ማሠራት አቆሙ፤ መጋዜም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስለዚህ ልጄን በሥራ ፈትነት ልቆጣ በገባሁበት ሰዓት፣ ከሁለታችን ይበልጥ ሥራ የፈታሁት እኔ ነበርኩ።

የጨዋታው አሠራር ቀላል ነው። ወለሉ በካሬ የተከፈለ ሲሆን አንዱ ካሬ እንደ ግማሽ ሜትር ይቆጠራል። ከዝርዝሩ ዕቃ መርጦ በማውስ ጎትቶ ካሬው ላይ ማስቀመጥ ነው። ዕቃው ቦታውን ሲይዝ የምቾት ነጥብ ይጨምራል፤ ክፍሉ መቶ ሲሞላ ርችት ይተኮሳል። ሠሪውም ማዕረግ አለው፤ ጀማሪ፣ ረዳት፣ ባለሙያ፣ ዋና ሠሪ። እኔ ሽበቴን ይዤ ጀማሪ ተባልኩ።

በመጀመሪያ የተወለድኩበትን ቤት ልሠራ ፈለግሁ። የላስታ የድንጋይ ቤት ነው፤ ክብና ባለ ፎቅ፣ ከብት ከታች ሰው ከላይ የሚያድርበት። ጨዋታው ክብ ግድግዳ የሚፈቀደው ለዋና ሠሪ ብቻ ነው አለ። ክብ ቤት ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ማዕረጌ አልደረሰም ተብዬ ወደ አራት ማዕዘን ተመለስኩ።

አለቃዬ መቅደስ ነበረች።

«አባዬ፣ ሁለቴ አይጫኑት። አንዴ ነው።»

«አንዴ ነው የተጫንኩት።»

«ታዲያ ይህ ሁለተኛው ቡፌ ከየት መጣ?»

በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ሳሎናቸው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ሁለት ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቴሌቪዥንና ጠረጴዛ አንድ ላይ እንዲገባላቸው ፈለጉ።

«አይገባም» አልኳቸው።

«መቅደስ በላፕቶፗ አስገብታው አየሁ እኮ።»

«እሷ ያስገባችው ሰው በሌለበት ነው።»

«ሰውማ የራሱን መግቢያ አያጣም። ዕቃው ይግባልኝ።»

ክፍሉን በሜትር ለካሁ፣ በጨዋታው አደራጀሁ፣ አሳየኋቸው። ሶፋውን በልኩ አጥብቤ ስለሠራሁት ሁሉም ገባ። ወሬው ሲዛመት ጠባብ ሳሎን ያለው ሁሉ ይመጣ ጀመር፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ሰፊ ሳሎን ያለው ጥቂት ነው። መጋዜ ከግድግዳው ወረደ። ለወጣት አናጢዎችም «ባዶ ቦታ የሠሪው ስንፍና ነው» እያልኩ አስተምር ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ከዚያ የራሴን ሳሎን መጀመሪያ በጨዋታው፣ ቀጥሎ በእንጨት ሠራሁ። ግድግዳውን ተከትሎ የሚታጠፍ ሶፋ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ በበሩ ጎን ቡፌ። መቅደስ «አባዬ፣ መሐሉ አልጠበበም?» አለች። «ነጥቡ መቶ ነው» አልኳት። ርችቱም ተተኩሷል።

በእነዚያ ሳምንታት መቅደስን አንድ ሀብታሙ የሚባል ልጅ ይፈልጋት እንደነበር ሰማሁ። ከጋሸና ላሊበላ ሚኒባስ ይነዳል። «ሾፌር መንገድ እንጂ ቤት አያውቅም» ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቄስ ሞገስ፣ አቶ ካሴ፣ ቃል የሚናገሩት ደግሞ ታላቃቸው አቶ ደምሌ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ሦስቱም ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚናገሩት። የቆመ ጠያቂ ነው፤ የተቀመጠ እንግዳ ነው።

ቄስ ሞገስ በጠረጴዛውና በሶፋው መካከል በጎናቸው ገቡ። አቶ ካሴ የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ። አቶ ደምሌ ውጭ ቆሙ፤ ያካፋ ነበር።

«ይቀመጡ፣ አባታችን» አልኩ።

«ለጉዳይ ነው የመጣነው። አንቀመጥም።»

«ካሴ፣ ገባ በል እንጂ!» አሉ አቶ ደምሌ ከውጭ።

«ወዴት ልግባ? ጠረጴዛው ላይ ልውጣ?»

ቄስ ሞገስ ቦታ ሊለቁ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲሉ ሶፋው ከጉልበታቸው በስተኋላ መታቸው፤ ተቀመጡ። ስፖንጁን ወፍራም አድርጌው ነበርና ቶሎ መነሳት አልቻሉም።

«ኧረ ተወው፣ ካሴ» አሉ አቶ ደምሌ። «ሰውየው እንቢ ለማለት አፉን እንኳ አልከፈተም። በሶፋ መለሰን።»

አቶ ካሴ ቄሱን እጃቸውን ይዘው አስነሱና ሦስቱም ሄዱ።

እውነቱን ልጻፍ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። እንቢ ሳልል እንቢ ተብሎልኝ ነበር።

መቅደስ ከጓዳ ወጣች። «ሆን ብለው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ተከትለው አልጠሯቸውም?»

ላፕቶፑን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርባለች፣ ቃል አትናገርም። እኔ በቤቴ ዝም የሚያሰኝ እንጂ ዝም የሚባል ሰው አልነበርኩም።

በአራተኛው ቀን ጨዋታውን ብቻዬን ከፈትኩ። ጠረጴዛውን አጠፋሁ። የሶፋውን አንድ ክንፍ አነሳሁ። ነጥቡ ከመቶ ወደ ስልሳ ወረደ፤ «ክፍሉ ባዶ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያም መጣ። ዘጋሁትና መጋዜን አንስቼ እውነተኛውን ሶፋ ቆረጥኩት። ጥሩ የጽድ እንጨት ነበር።

የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ፍለጋ መውጣቱ በእኛ አገር ነውር ነው። ወጣሁ። አቶ ደምሌን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ሶፋውን ቆረጥኩት» አልኩ።

«ለምን?»

«እንድትቆሙ።»

«ለካ አናጢ ይቅርታ የሚጠይቀው በመጋዝ ነው» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱም መጥተው ጎን ለጎን ቆሙ። አቶ ደምሌ የመጡበትን ተናገሩ። እኔም ቆሜ ሰማሁ። ሀብታሙን አሁንም ብዙ አልወደድኩትም፤ የሚያገባው ግን እኔን አይደለም። መቅደስን ጠርቼ ጠየቅኳት። «ፈቃዴ ነው» አለች።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አልኩ።

ቄስ ሞገስና አቶ ካሴ ተቀመጡ። ሶፋው ከዚያ በላይ አይዝም። ለአቶ ደምሌ ከጓዳ ባለ ሦስት እግር ዱካ አመጣሁላቸው።

«ይህ ቤት» አሉ ዱካው ላይ እየተመቻቹ፣ «ያኔ መቆሚያ አልነበረውም፣ አሁን መቀመጫ የለውም።»

መቅደስ ሳቀች። ከሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምፅዋ ይኸው ሳቅና ያ «ፈቃዴ ነው» ያለችው ነው።

ዛሬ ዋና ሠሪ ነኝ። ክብ ግድግዳም ተፈቅዶልኛል። ለማንም ሳሎን ስሠራ መጀመሪያ የምለየው ከበሩ ፊት ለፊት ሦስት ሰው የሚቆምበትን ቦታ ነው፤ ዕቃው ከዚያ በተረፈው ይገባል። ጨዋታው ለዚህ ነጥብ ይቀንሳል። ይቀንስ።