ራሱ ላይ «ፎገራ» የተጻፈበት ወረቀት

ሦስተኛ ዓመት ጨርሼ አፓረንት የደረሰኝ አዲስ አበባ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። የጋዜጠኝነት ተማሪ ክረምቱን ሁለት ወር ሥራ ቦታ ገብቶ ይለማመዳል፤ እኛ ተማሪዎቹ «አፓረንት ወጣሁ» እንላለን። ጓደኞቼ ባሕር ዳርና ጎንደር ሲመደቡ እኔ ዋና ከተማው ደረሰኝና፣ ወሬው በስልክ ሲነገረኝ ወረታ መናኸሪያ መሐል ለመሐል ዘለልሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ! እናቴ ግን ፊቷ አልተፈታም። ሐምሌ የሩዝ አረም ወር ነው፤ ጭቃ ውስጥ ተጎንብሶ ነው የሚዋለው፤ እኔ ስሄድ የኔም ድርሻ በሷ ወገብ ላይ ሊወድቅ ነው። «እንግዲህ በሬድዮን አርሚልኝ» አለችኝና ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዜና ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። «ከፎገራ» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። «ኧረ አትፎግሪን!» አለ አንዱ። ሌላው «ገና ከመግባቷ ፎገረችን እኮ!» ብሎ ጠረጴዛ መታ። ክው አልሁ። መፎገር ሰውን በቀልድ ማሞኘት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግቢ ውስጥም ልጆች ይሉታል። ካገሬ ስም ጋር አያይዤው ግን አላውቅም ነበር። ለኔ ፎገራ ሜዳው ነው፣ ላሙ ነው፣ ሩዙ ነው፣ ውሃው ነው። ምኑ ያስቃል? ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ያኑ ዕለት ምሳ ይዘውኝ ወጡ፣ የታክሲውንም አቅጣጫ እየደጋገሙ አስረዱኝ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ ከየት ነሽ ስባል «ከጎንደር» ማለት ጀመርሁ። ውሸት አይደለም፤ ደቡብ ጎንደር ነው። ለምን እንደምለው ግን እኔ አውቃለሁ።

የሰጡኝ ሥራ ስልክ መቀበል ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ የአድማጮች ፕሮግራም አለ፤ ሰው ከየአገሩ እየደወለ መልእክት ያስነግራል፦ የጠፋ መታወቂያ፣ የታመመ ዘመድ፣ የሠርግ ጥሪ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ፣ በትንንሽ ወረቀት እጽፋለሁ፣ በመስኮቷ አቀብላለሁ። አዘጋጇ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታነባለች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ማር፣ ትዕግሥቷ ግን አጭር። ከወረቀቱ ራስ ላይ መልእክቱ የመጣበት አገር ብቻ በአንድ ቃል ይጻፋል፤ ጅማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ።

ቀልደኛው ደግሞ ሞልቷል። አንዱ ዝሆን ጠፍቶብኛል ብሎ የዝሆኑን መልክ ይዘረዝራል፤ ሌላው ሚስቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ከዚያው እንደሚደውል ያመለክታል። የእነዚህ ወረቀት ራሱ ላይ «ፎገራ» ይባልና ይተላለፋል፤ አዘጋጇም ከሥሩ ያለውን ሳታነብ እግሯ ሥር ካለች ቅርጫት ትጥለዋለች። ዓርብ ዓርብ ሰብሰብ ብለን ቅርጫቷን ገልብጠን እያነበብን እንስቃለን። ይህ አሠራር ከኔ በፊት የነበረ ነው፤ እኔን ለማብሸቅ ያወጣው ሰው የለም። ግን ያባቴን አገር በየቀልደኛው ወሬ ራስ ላይ መጻፍ! የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። ቆይቶ እጄም ለመደ፣ እኔም ለመድሁ።

ያ ክረምት ሲታወሰኝ ግማሹ ሕልም ይመስለኛል። ስቱዲዮው ግድግዳው ሁሉ በስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የራስ ደም መሰማት ይጀምራል። ዝናቡ ከውጭ መስኮቱን ሲወርድበት ይታያል እንጂ አይሰማም። እኔም ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ስልኩ ጭጭ ባለ ጊዜ፣ ዓይኔ ክፍት እንደሆነ እሄዳለሁ። ወዴት እንደምሄድ ማን ይጠይቀኛል።

ፎገራ በክረምት ውሃው ሲመጣ አይጮህም። ጥዋት በር ከፍተሽ ስትወጪ ትናንት ሜዳ የነበረው የለም፤ ሰማዩ ወርዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ላሞቹ ደመና ላይ ይራመዳሉ፣ በታችም ሌሎች ላሞች እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው ይከተሏቸዋል። ባሕር ዛፎቹ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ልጅ ሳለሁ እውነተኛው የቱ እንደሆነ እየጠፋኝ ከደጃፋችን ንቅንቅ ሳልል እውል ነበር። ጭቃው ጥዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ሞቅ ይላል፤ በጣቶቼ መሐል ሽቅብ ሲወጣ ይኮረኩረኛል። አረሙ ሲያልቅ እናቴ ወገቧን ልታስታምም ዋንዛዬ ፍል ውሃ ትወርዳለች፤ እንፋሎቱ ውስጥ ፊቷ ሲጠፋ፣ ሲመጣ፣ ሲጠፋ አያታለሁ። ይኸን ሁሉ የማየው አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ስልኩ ሲጠራ ብን ብዬ እመለሳለሁ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ፕሮግራሙ እንደተጀመረ፣ አንዲት ሴት ደወለች።

«እንደምን ዋላችሁ። ሬድዮን ቤት ነው?»

ከድምፅዋ ያገሬ ሰው መሆኗን አወቅሁ። እናቴ ራሷ የምትናገር መሰለኝ።

«አዎ፣ ይናገሩ እትየ።»

«ርብ ወንዝ ሰብሮ ገባብን፣ ልጄ። እኛስ ደህና ነን። ልጆቹንም ከብቶቹንም አውጥተውልናል፤ ወረታ ትምርት ቤቱ ውስጥ ነን። ባሌ ነው እንጅ! በሬ ሊሸጥ ጥዋት ይፋግ ገበያ ወጥቷል፤ ይኸን አያውቅም። ስልኩ እኔው ዘንድ ቀርቶ ይኸው በሱ ነው የምደውል። ከገበያ በታች፣ በሜዳው መንገድ ነው የሚመለስ። ቤቱ ተከቦ ሲያይ እኛን ፍለጋ ይገባል። አውቀዋለሁ፣ ይገባል! ሬድዮኗ ግን ካንገቱ አትወርድም፤ የናንተን ሳይሰማ አይውልም። በአስፋልቱ ወረታ ይምጣ በሉልኝ። ስለ እመብርሃን ንገሩልኝ።»

«እኔም የዚያው ልጅ ነኝ፣ እትየ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ድምፅ የሚቆጣጠረው ቴክኒሻን ግን አጠገቤ ተቀምጧል። ዋጥሁት። «ይነገራል፣ አይስጉ» ብቻ ብያት የባሏን ስም ጠየቅሁ፣ ዘጋሁ።

ስጽፍ ግን እዚያ ወንበር ላይ አልነበርሁም። ከይፋግ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ ላይ ነበርሁ፤ ሰውየው ከፊቴ ይሄዳል፣ ያልተሸጠው በሬ ይቀድመዋል፣ ሬዲዮኗ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘች ታወራለች። እጄ ለብቻው ይጽፋል። ከወረቀቱ ራስ ላይ፣ የሚጻፈው የመጣበት አገር ነውና፣ ስንት ሳምንት ለእውነት ያልጻፍሁትን ቃል ጻፍሁ፤ «ፎገራ»። በመስኮቷ አቀበልሁ። አዘጋጇም ተቀበለችኝ፣ የወረቀቱን ራስ አየች፣ ፈገግ አለች። እኔ ደግሞ ለኔ የፈገገች መስሎኝ ጥሩ ሴት ናት እኮ አልሁ። አይ እኔ!

ከዚያ ጠበቅሁ። የጅማው ተነበበ፤ የደሴው ተነበበ። አንዱ ለእኅቱ መልካም ልደት አስባለ። ተራው ይደርሳል እያልሁ መልሼ ጭልጥ አልሁ፤ ውሃው ላይ ነጫጭ ወፎች ቆመው ይታዩኛል፣ ሩዙ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታየኛል። የመዝጊያው ሙዚቃ ነው የቀሰቀሰኝ። «እስከ ነገ ቸር ያሰንብተን» ልትል ትንፋሽ እየሳበች ነው። የሰውየው ስም አልተጠራም። ዓይኔ ወደ ቅርጫቷ ወረደ፤ ከላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ የኔው የእጅ ጽሑፍ ተኝቷል። አርባ ደቂቃ!

ቀይ መብራቱ በርቶ ሳለ በሩን በርግጄ ገባሁ። አዘጋጇ ዓይኗ ፈጠጠ። ወረቀቱን ከቅርጫት ነጥቄ ማይኩ ላይ ተደፋሁ። ቃሉን ስታይ ያበድሁ መሰላት፤ በከንፈሯ ብቻ «ፎገራ ነው እኮ!» አለችኝ።

«ፎገራ ቀልድ አይደለም፤ አገር ነው!» ብዬ ጮህሁ። ይኸው ነው መጀመሪያ አየር ላይ የዋለው ቃሌ። ከዚያ «አያ» ብዬ የሰውየውን ስም ጠራሁ። «ቤትዎ ውሃ ገብቶበታል፤ ሰዉ ደህና ነው። ልጆችዎ ወረታ ትምርት ቤቱ ውስጥ ናቸው። በአስፋልቱ ይምጡ እንጅ በታች አይግቡ! አባቴ ይሙት፣ አይግቡ!» ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ደጋገምሁት፣ አላውቅም፤ እያለቀስሁ ነው። የአዘጋጇ እጅ የማይኩ መዝጊያ ላይ ነበር። አልዘጋችውም።

አለቃው ጠርቶ ቀጥታ ሥርጭት ላይ እያለቀሱ መግባትን የት እንደተማርሁ ጠየቀኝ። ልክ ነው። አዘጋጇ ከዚያ የባሰውን ጠየቀችኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ቆማ፣ በዚያ ማር ድምፅዋ፣ «ለምን ፎገራ ብለሽ ጻፍሽው?» አለችኝ።

«ፎገራ ስለሆነ ነዋ።»

«አንቺስ ምን አገባሽ... ከጎንደር ነኝ አላልሽም?»

ወረቀቱን እጥፍጥፍ አድርጌ ኪሴ ከተትሁት። መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሴትየዋን በዚያው ቁጥር ደወልሁላት። ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ። የቀሩኝን ቀናት ሰውየው ገብቷል፣ አልገባም እያልሁ ኖርሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አስፋልቱ ላይ ውሃ ባቆረ ቁጥር እሱን አየዋለሁ፤ እርጋታው ያስፈራኝ ነበር፤ ሰው ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነው የሚሄደው፣ ውሃው ከፍ እያለ፣ ሬዲዮኗም ዝሆን ስለጠፋበት ሰው እያወራች። መልእክቱን ያስጣለው የኔ እጅ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም። ማንም ቢሰማኝ «አይዞሽ» ይለኝ ነበር፤ እሱን አልፈለግሁትም።

ጳጉሜን ላይ አገሬ ገባሁ። ወረታ ከመኪና እንደወረድሁ ሻንጣዬን እየጎተትሁ ቤቴን አልፌ ቀጥ ብዬ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። የሰውየውን ስም ጠርቼ ጠየቅሁ። አንዲት ልጅ በጣቷ አሳየችኝ። ከክፍሎቹ ደጅ፣ አግዳሚ ላይ፣ አንድ ሰው የቀንበር ጠፍር እያለፋ ተቀምጧል። ሬዲዮኗ አንገቱ ላይ ናት። እዚያው ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አልሁ።

ማን እንደሆንሁ ስነግረው ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ያለቀስሽው አንች ነሽ?» አለኝ። «ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ስሜንማ አልሰማሁትም። ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር።» መዳፉን ደረቱ ላይ አኖረ። «ሬድዮኑን አናቴ ላይ ይዤ ስሻገር ‹ይምጡ እንጅ› ስትይ ሰማሁ። ሬድዮን ላይ እንደኛ ‹እንጅ› የሚል ሰምቼ አላውቅም። ይችማ የኛ ልጅ ናት፣ የምታለቅስም ለኛው ሰው ነው ብዬ ቆምሁ። ቆሜ ሳለ ልጆችዎ ወረታ ናቸው አልሽ።»

ሚስቱ መጣችና እጄን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችኝ። ምርቃቷ ረዘመ። አሜን ማለት አቃተኝ፤ እንደ ሌባ ሆንሁ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ወረቀቱ አርባ ደቂቃ ቅርጫት ውስጥ እንደነበረ፤ ራሱ ላይ ፎገራ ብዬ ስለጻፍሁበት እንደሆነ፤ እዚያ ፎገራ ማለት ቀልድ እንደሆነ፤ እኔም እያወቅሁ ክረምቱን ሙሉ በቀልደኛው ሁሉ ራስ ላይ ስጽፈው እንደከረምሁ፤ ከየት ነሽ ሲሉኝም ከጎንደር እንደምል። ሴትየዋ እጄን አልለቀቀችም፤ ምርቃቷን ግን አቆመች። አርባ ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢነገር ባሏ ገና መንገድ ላይ ነበር፣ እግሩም አይረጥብም ነበር። ስታሰላው ፊቷ ላይ አየሁት።

ሰውየው ጠፍሩን መልሶ አነሣ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ።

«በይ እንግዲህ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ስትመለሽ ያገራችንን ስም ከዚያ ወረቀት ላይ አስፍቂልን።»

አፓረንቱ ማለቁን፣ እዚያ የምመለስበት ወንበር እንደሌለኝ መናገር ነበረብኝ። ፊቱን አየሁት፤ እየጠበቀኝ ነው።

«እሽ» አልሁት።