መርል ያቃጠለው ቁልፍ

ሰው ሲሞት ዘመድ ቀድሞ የሚሰበስበው ልብስና ጫማ ነው። ሰኒቬል በምትባለው የኮምፒውተር ሠሪዎች ከተማ ውስጥ ግን፣ በተለይ እንደ መርል ሃስኬት ባሉ ሽማግሌዎች ቤት፣ መጀመሪያ የሚከፈተው ጋራዡ ነው። ኮሪን እናቷ ኢዳሊና ከተቀበረች በኋላ የአባቷን ጋራዥ ልታጸዳ መጥታ፣ ከሽቦና ከተበታተነ ኮምፒውተር ክምር ስር አንድ ዲስክ ጎትታ አወጣች። በላዩ ላይ በአባቷ እጅ «ሃንፎርድ» ተብሎ ተጽፏል። ሃንፎርድ የእናቷ ወላጆች ላም ያረቡበት ከተማ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

መርል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየው። ከዚያ የያዘውን የመበየጃ ካውያ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የእናትሽ ደብዳቤዎች ናቸው። አያትሽን ልታስታምም ሄዳ የጻፈችልኝ።»

«ታዲያ እንክፈታቸዋ!»

«አይከፈቱም።»

«እንዴት አይከፈቱም? ቁልፉን የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኮ! እኔ ስለሠራሁት ነዋ» አለና ፊቱን አዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአፕሪኮት ዛፍ እየተነቀለ ቢሮ በሚተከልበት በዚያ ዘመን፣ መርል ግሌን ኩቦታ ከሚባል ጓደኛው ጋር እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ይበይድ ነበር። የግሌን ወላጆች አበባ አብቃይ ነበሩ፤ እሱ ግን ከአፈር ሸሽቶ ከሽቦ ጋር የተጋባ ሰው ነው። ያኔ የቤት ኮምፒውተር ማለት በጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ ዕቃ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ያንን ዕቃ በቀለም ሥዕል የሚያሥለው ካርድ ሊፈጥሩ ተነሡ። እነሱ ያሰቡትን ወደ ካርዱ የመዳብ መስመር የምትለውጠው ደግሞ ኢዳሊና ነበረች። ከስሩ መብራት በበራ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ፣ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ፕላስተር እየለጠፈች፣ እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ሳይነካካ የሚሄድበትን መንገድ ታወጣለች። እስትንፋሷን ይዛ ነው የምትለጥፈው። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ያስነጠሰ ወዮለት!

ካርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ቀን አሥራ ስድስቱ ቀለማት በስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። መርልና ግሌን ተቃቅፈው ሲዘሉ ኢዳሊና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስክሪኑን አየችው።

«አፈሩ የታለ?» አለች።

«የምን አፈር?»

«ሰማይ አለ፣ ሣር አለ፣ ደም ሳይቀር አለ። መሬት የለም። ይሄ ዳር ላይ ያስቀመጣችሁት ደግሞ የጥጃ ቅዘን ነው እንጂ እሱም ቀለም ነው?»

«ሴትዮ፣ ሕጉ ነው!» አለ ግሌን እየሳቀ። «ቀይና አረንጓዴ ደብዘዝ ብለው ሲቀላቀሉ የሚወጣው ይሄው ነው።»

«እንግዲያው ለሱ ብቻ አረንጓዴውን ቀንሱለት። ይሄን ያህል ከባድ ነው?»

ከባድ አልነበረም። ያ አንድ ቀለም ሲመጣ ብቻ አረንጓዴውን በግማሽ የሚገታ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ ጨመሩ። ቅዘኑ ጠፍቶ ቡኒ መጣ፤ ዝናብ ያረፈበት የሃንፎርድ መሬት! ካርዱ ተሸጠ፣ ስሙም ተጠራ። በፈጠራ ባለቤትነት ማስረጃው ላይ የሰፈረው ግን የሁለቱ ወንዶች ስም ብቻ ነበር። ኢዳሊና አንድ ቀን እንኳ አላነሣችባቸውም።

ዓመታት አለፉና ጓደኛሞቹ ድርጅት አቋቁመው ወደ ኢሜይል ዞሩ። ያኔ ኢሜይል ፖስታ እንደሌለው ደብዳቤ በየደረሰበት የሚነበብ ነገር ነበር። እነሱ ቁልፍ ሠሩለት። ደብዳቤው በተቀባዩ ስም ይቆለፋል፤ የሚፈታው ቁልፍ በተቀባዩ ዲስክ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ቁልፉን የሚወልደውን የፕሮግራሙን እምብርት ግሌን በሩን ዘግቶ ብቻውን ጻፈው። ሕጉን የጻፈው ደግሞ መርል ነው። «በየአዲስ ዓመቱ አዲስ ቁልፍ ይውጣ፤ አሮጌው ይቃጠል። በተቃጠለ ቁልፍ የተቆለፈውን ንጉሥ ቢያዝም የሚከፍተው አይገኝም» ይላል ሕጉ።

ሕጉ ልማድ ወለደ። በአዲስ ዓመት ጧት የድርጅቱ ሰዎች ከነቤተሰባቸው በግሌን ጓሮ፣ ፐርሲመን ከሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ ስር ይሰበሰባሉ። ሩዝ ተወቅጦ የሚሠራው ሞቺ የገባበት የግሌን እናት ሾርባ ይጠጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ያለፈውን ዓመት ቁልፍ የያዘ ዲስኩን በመሰርሰሪያ በስቶ እሳቱ ውስጥ ይወረውራል። ልጆች ያጨበጭባሉ፤ ሽታው ግን አይጣል ነው።

ኢዳሊና ሃንፎርድ የከረመችው በዚያ ዘመን ነው። እናቷ በድንገት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ሄደች፤ ግን እውነቱን ለመናገር የሄደችው እናቷን ለማስታመም ብቻ አልነበረም። መርል ከጋራዡ ጋር ተጋብቶ እሷን ረስቷት ነበር። በየማታው ትጽፍለታለች፤ አንድ ቀን ትቆጣዋለች፣ አንድ ቀን ስለ ላሞቹ ታወራዋለች፣ አንድ ቀን ዝም ብላ የአየሩን ሁኔታ ብቻ ትነግረዋለች። ከዚያ አንድ ደብዳቤ መጣ። መርል አነበበው፣ መኪናውን አስነሣ፣ የፓቼኮን ተራራ ተሻግሮ ሄደ። ለአዲስ ዓመት ይዟት ተመለሰ።

ያን አዲስ ዓመት ጧት፣ ሕግ አውጪው ራሱ ተራው ሲደርስ፣ ኢዳሊና ክንዱን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ባለቤቴ እዚህ እያለች ደብዳቤዋ ምን ያደርግልኛል ብሎ ቁልፉን በሳና ወረወረው። ደብዳቤዎቹን ግን፣ እንደተቆለፉ፣ «ሃንፎርድ» በሚለው ዲስክ አስቀመጣቸው። ሳጥን አስቀምጦ ቁልፍ ማቃጠል ማለት ይሄ ነው። ጸደይ ሳይገባ ጸጸተው። አፍሮ ለማንም አልተናገረም፤ ለኢዳሊናም።

በኋላ ጓደኛሞቹ የተጣሉበት መነሻም ይኸው ነበር፤ ግሌን ግን አላወቀም። መርል በድንገት «ለእያንዳንዱ ቁልፍ ድርጅቱ ትርፍ ቁልፍ ይያዝ» ማለት ጀመረ። ግሌን «ትርፍ ቁልፍ ያለው በር በር አይደለም» አለ። ተሟገቱ፤ መርል ተሸነፈ። ድርጅቱ በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ የስንብት ምሳ ላይ መርል ተነሥቶ፣ በሁሉ ፊት፣ «ለምን በጥሩ ዋጋ እንደተሸጠ እኔ ልንገራችሁ። ግሌን ከመጀመሪያው ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ቁልፍ የሚያስገባ ስውር በር ትቶበታል፤ የሸጠው እሱን ነው» አለ። ግሌን ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ፣ ሁለት መንገድ ተራርቀው እየኖሩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ አንዱ ሌላውን ሲያይ መንገድ እየተሻገረ ይሄዳል። ሰው ደግሞ አንዴ ስሙ በክፉ ከተነሣ ነገሩ አይለቀውም። ግሌን ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ሥራልን ያለው ሰው አልነበረም።

ኮሪን አባቷ ይህን ሁሉ ሲነግራት ሰምታ፣ «እና እውነት በር ትቶበት ነበር?» አለች።

«አላውቅም።»

«ሳታውቅ ነው እንዴ ያልከው?»

መርል ዲስኩን ኪሱ ከትቶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ግሌን በቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሊያደርቅ የሚሰቅላቸውን ፐርሲመኖች ይልጣል። ቀና ብሎ አየውና ልጣጩን ሳይበጥስ ቀጠለ።

«የሞትክ መስሎኝ» አለ።

«ብሞት ትቀብረኝ ነበር?»

«ከሩቅ ሆኜ።»

«ኢዳሊናንም ከሩቅ ነው የቀበርካት። ከኋላ ቆመህ አይቼሃለሁ።»

«እሷ ምን አደረገችኝ?» አለ ግሌን። በእግሩ አንድ ወንበር ገፋለት። «ተቀመጥ። አረጀህ እኮ።»

«አንተ ያላረጀህ ይመስል!»

መርል ዲስኩን አውጥቶ ከልጣጩ አጠገብ አስቀመጠው።

«ግሌን፣ ያ በርህን ዘግተህ የጻፍከው ነገር … ስውር በር አለው?»

የግሌን ቢላ ቆመ። «ሌባ ብለኸኝ ሃያ ምናምን ዓመት ኖርኩ። ዛሬ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥተህ ልትደግመው ነው?»

«አይደለም። አይደለም ወንድሜ። እንዲኖረው እየለመንኩህ ነው።»

ከዚያ ከኮሪን በቀር ለማንም ያልነገረውን ነገረው፤ ሃንፎርድን፣ የተቃጠለውን ቁልፍ፣ የተቀመጡትን ደብዳቤዎች። ግሌን እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ለዚህ ነው ትርፍ ቁልፍ፣ ትርፍ ቁልፍ ስትል የከረምከው?»

«ለዚህ ነው።»

«ምናለ ያኔ ብትነግረኝ አንተ ድንጋይ!»

«ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኛ! በራሴ ሕግ በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁት ብዬ ልለፍፍ?»

«ከምትለፍፍስ እኔን ሌባ ማለት ቀለለህ።»

መርል አንገቱን ደፋ። ግሌን ዲስኩን አነሣና አገላብጦ አየው።

«የመጨረሻው ምን ይል ነበር? ያ የወሰደህ?»

«ረስቼዋለሁ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። አንብቤ መኪና ማስነሣቴን ነው የማስታውሰው። ድምፅዋ ነበረበት ግሌን፤ ቃሉ ግን ጠፋብኝ።»

ግሌን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ስውር በር በነበረው አልኩ። እማማ ትሙት እውነቴን ነው። ለኢዳሊና ብዬ ሌባ በሆንኩ አልኩ። ግን የለም። ክፍተት እንዳይተርፍ ተጠንቅቄ ነው የዘጋሁት። አይከፈትም፣ መርል።»

መርል ራሱን ነቀነቀ። ያመነው ያን ጊዜ ነው። ግሌን የተወው ስውር በር ቢኖር ኖሮ፣ የሚከፍትለት ከዛሬ የተሻለ ቀን አልነበረም።

«ይቅር በለኝ» አለ።

«እዚህ በረንዳ ላይ አይደለም። ስሜን ያጠፋህበት ሰው ሁሉ ፊት ነው።»

አዲስ ዓመት ጧት መርል ከኮሪን ጋር ግሌን ጓሮ ደረሰ። ልማዱን ሳይተዉ ዛሬም የሚሰበሰቡት የድሮ የድርጅቱ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣለች። እሳቱ ተያይዟል። ሲያዩት ወሬው ቆመ። መርል ዲስኩን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ግሌን ስውር በር ትቶበታል ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሐሰት ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምፈልገውን ነገር ይዤ ሄጄ፣ ክፈትልኝ ብዬ ለመንኩት። አይከፈትም። በሐቅ የተዘጋ ነው። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አለች ባለወንበሯ። «ጮክ ብለህ ነው ያን ቀንም የተናገርከው።»

ሳቅ ቢጤ አለፈ። መርል ግን አልሳቀም። ወደ እሳቱ ተራመደና ዲስኩን ሊወረውር እጁን አነሣ። ግሌን ክንዱን ያዘው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ሕጉ ቁልፍ ይቃጠል ነው የሚለው፤ ደብዳቤ ይቃጠል አይልም። ጽፈህ አታነበውም እንዴ?»

ዲስኩን ከእጁ ወስዶ ለኮሪን ሰጣትና ሁለቱንም ወደ ራሱ ጋራዥ አስገባቸው። እዚያ አቧራ የሸፈነው የመጀመሪያው ኮምፒውተራቸው፣ ካርዱ እንደተሰካበት፣ ቆሟል። ግሌን ማብሪያውን ተጫነ። መሣሪያው አቃሰተ፣ የአቧራ ቃጠሎ ሸተተ፣ ከዚያ አሥራ ስድስቱ ቀለማት አንድ በአንድ ተደረደሩ።

«የእማዬ የቱ ነው?» አለች ኮሪን።

መርል በጣቱ ቡኒውን ነካው። የመስታወቱ ኤሌክትሪክ የእጁን ጸጉር ቆንጠጥ አደረገው። «አፈሩ የታለ አለችን» አለ። «እኛ ስንጨፍር እሷ … አፈሩ የታለ አለችን።»

ግሌን አንድ የተገለበጠ ሣጥን ስቦ መርልን አስቀመጠበት። ከጓሮው ሾርባው ቀረበ እያሉ ጠሩ፤ እንደገናም ጠሩ። ኮሪን ልትሄድ ስትል ዞር ብላ አባቷን አየችው።

«አባዬ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ» አለ መርል፣ ዓይኑን ከቡኒው ሳይነቅል። «ግሌን፣ አታጥፋው።»

«ማን ያጠፋዋል» አለ ግሌን፣ ሌላ ሣጥን እየሳበ።