የእህቴ መስቀል በእኔ አንገት

ማክሰኞ ጧት፣ አምባ ጊዮርጊስ

ታናሽ እህቴን የሺን ይዤ ወደ ጎንደር የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። ቀኝ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑ ታውቋል። ሐኪሟ ግን ቀዶ ከማድረጉ በፊት በሽታው እስከ የት እንደደረሰ በኤምአርአይ ማየት ፈለገ። እብጠቱ ብቻውን ከሆነ እሱን አውጥቶ ጡቷን ያተርፍላታል፤ ካልሆነ ጡቱ በሙሉ ይሄዳል። የሺ ከተረፈላት ለደብራችን ጥላ ልታስገባ ተስላለች።

እኔ ስፈራ አፌ አያርፍም። ላጽናናት ብዬ «ምንም አይደለም፣ ፎቶ ነው» ብያት ነበር። እሷም ፎቶ ሲባል የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ የብር ጉትቻና አምባሯን አድርጋ ሚኒባሱ ዘንድ ጠበቀችኝ።

የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ታከለ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊታችን ተቀምጠው ዞር አሉ።

«ምነው እንዲህ ሸጋ ሆንሽ፤ ሰርግ አለ እንዴ?»

«ፎቶ ልነሣ ነው፣ አያ።»

እኔም እውነቱን አልተናገርሁም።

የወገራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበታችንን ሲበላው መጣ። ወለቃ ላይ ሴቶች ሸክላቸውን መንገድ ዳር ደርድረዋል። የሺ «ስንመለስ የሽሮ ድስት እገዛለሁ» አለች።

አራት ሰዓት፣ ጎንደር

የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ሴት ናት፤ የሺን ከላይ እስከ ታች አይታ ፈገግ አለች። «ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፣ እህቴ። ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይውለቅ።»

ጉትቻው ወለቀ፣ አምባሩ ወለቀ። ማተቧ ላይ ሲደረስ የሺ አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይኼስ አይሆንም። እናቴ ያሰረችልኝ ነው።»

«መስቀሉ ብቻ ነው፤ ክሩ ግድ የለም።»

መስቀሉ ግን ከክሩ ጋር ተቋጥሮ በላብ ደርቋል። ባለሙያዋ መቀስ ስታነሣ የሺ ወደ በሩ አፈገፈገች። «ማተቤን በጥሼ ከምገባ እንዲሁ ልሙት። እታለም፣ ወደ ቤት ውሰጅኝ።»

ተናደድሁ። ሦስት ልጆች ጥለሽ በክር ልትሞች ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔም ብሆን አላስበጥስም። የኔ ማተብ መስቀል የሌለው ባዶ ክር ነው። ፈታሁትና አንገቷ ላይ አሰርሁላት። «በይ፣ አሁን ባዶ አንገት አይደለሽም።» የሷን ቋጠሮ በጥርሴ ይዤ፣ ክሩ ሳይበጠስ ፈትቼ እኔው አጠለቅሁት።

በደረቷ አስተኝተው አስገቧት። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቤት ሠሪ ሲደበድብ በር ላይ ቆሜ መስቀሏን ጨብጬ ያዝሁ። ስትወጣ «እንደ ስግደት በፊቴ ተደፍቼ ነበር፤ ያው ጸለይሁ» አለችኝ።

ሐኪሙ ዘንድ

በማግስቱ ሐኪሙ ምስሉን አሳየን። «ይቺ የምናውቃት እብጠት ናት» አለ፤ ጣቱን ወደዚያው ጡት ሌላ ጎን አሻገረ። «ይቺ ደግሞ በእጅ ያልተገኘች።» ከእሷም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪደርስ እዚያው ጎንደር አክስታችን ቤት ሰነበትን፤ ሽሮው ይቀርባል፣ ሳንነካው ይነሣል።

ሁለተኛዋም ካንሰር ሆነች።

«እብጠቱን ብቻ አውጥቼ ቢሆን ይቺን ትቻት ነበር» አለ ሐኪሙ። «ጡቱ በሙሉ መውጣት አለበት።»

«ግራውስ?» አለች የሺ።

«ግራው ንጹሕ ነው።»

«ተመስገን» አለች። ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

መልስ

ወለቃ ላይ ሚኒባሱን አስቁማ ድስቷን ገዛች። ጡቷ ስላልተረፈ ጥላው ይቀር እንደሆን ፈራ ተባ እያልሁ ጠየቅኋት። «ይገባል እንጂ። እግዜር የተደበቀውን አሳይቶኛል» አለች። መስቀሏን ልመልስላት አንገቴን ስነካ እጄን ያዘችኝ።

«ለቀዶውም አውልቂ ይሉኛል። አንቺ ዘንድ ይቆይ፤ ስነቃ ታስሪልኛለሽ።»

አምባ ጊዮርጊስ ስንወርድ አያ ታከለ አገኙን። «ፎቶው ሸጋ ወጣ?»

የሺ ወደ እኔ አየች። «ካንሰር ነው፣ አያ» አልሁ። «ሰኞ ጡቷ ይወጣል።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ድስቱን ከእጇ ተቀብለው እስከ ቤቷ ይዘውላት ሄዱ። ይኼን ከመጀመሪያው ብናገር ኖሮ ስንሄድም ብቻችንን ባልፈራን። ከጉዞው ያተረፍሁት ትምህርት ይኼው ነው።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። መስቀሉን በነካሁ ቁጥር «ባትነቃስ» እላለሁ። ስትነቃ ቶሎ እንዲፈታልኝ ቋጠሮውን ላላ አድርጌ ነው ያሰርሁት።