ሦስተኛው በርሜል

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቤው ነበር ወይስ ሳላየው ነው ያለፍኩት? አሁንም አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ከአራት ቀን በኋላ ውሃ መጥቶ ባልዲና ጀሪካን ስደረድር ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ደከመኝና ቧንቧውን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መገናኛ አጠገብ በነበረ የጭነት መኪና ጋራዥ ሻይ አፈላ፣ ግቢ እጠርግ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ክፍሌ በማታ ትምህርት ሦስተኛ። ማንበብ የቻልኩት ገና ስለነበር የሱቅ ማስታወቂያም ሆነ የሳሙና ካርቶን ሳላነብ አላልፍም። ጥያቄውን የሚያከብድብኝም ይኸው ነው።

ኅዳር ሲገባ ወደ ሰሜን የሚወጡ መኪናዎች ለውርጭ ይዘጋጃሉ። ዋናው መካኒክ ጋሽ ይመር ባትሪውን ይፈትሻሉ፣ የራዲያተሩን ውሃ ያፈሳሉ፣ ከዚያ በረዶ የሚከላከለውን አረንጓዴ ፈሳሽ በውሃ በጥብጠው ይሞላሉ። ፈሳሹ ውድ ስለሆነ በልክ ነው የሚበጠብጡት። መጋዘን ውስጥ ሁለት የውሃ በርሜሎች ነበሩ፤ ብጥብጡ በሦስተኛው ይቀመጣል። ጋሽ ይመር በካርቶን «ውሃ አይጨመርበት» ብለው ጽፈው አንጠልጥለውበታል።

በዚያ ሳምንት ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ አንድ ንጋት ቧንቧው ተንፎለፎለ። ውሃ ሲመጣ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ መሙላት ነው፤ ማን ቆሞ ያስባል? የቧንቧውን ጎማ ሁለቱ በርሜሎች ውስጥ፣ ቀጥሎም ግማሽ እንኳ ያልነበረው ሦስተኛው ውስጥ ጨመርኩት።

ትንሽ ቆይቶ ወደ ብርዳሙ መሀል ሜዳ ከተማ የሚጭነው ሾፌር ከድር መኪናውን ይዞ መጣ። ቦምቦሊኖውን በሻይ እያወራረደ፣

«ጋሽ ይመር፣ ጋቢም ደርቡላት እንጂ፤ ረፈደ እኮ» አላቸው።

«አንተ ጋቢ አለህ። እሷ ያላት ይሄ ብቻ ነው» አሉት፣ መብራት ከሌለው መጋዘን በባልዲ ቀድተው እየወጡ።

በአራተኛው ቀን የከድር መኪና ተጎትታ መጣች። ሌሊት የራዲያተሩ ውሃ በረዶ ሆኖ፣ ጠዋት ከድር ሲያስነሳት ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል። መጋዘን ገብቼ አየሁ። ሦስተኛው በርሜል ሙሉ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ካርቶኑም በቦታው ተንጠልጥሏል።

ባለጋራዡ ጋሽ ይመርን ሰው ፊት ጠየቃቸው።

«በጥብጠዋል ወይስ ውሃ ብቻ ነው የሞሉት?»

«በጥብጫለሁ» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ልኩን ስቼ ይሆናል።»

ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ባለጋራዡ «አንቺ ምን ያስቆምሻል?» ሲለኝ ገብቼ ብርጭቆ አጠብኩ። በዚያው ቀን አሰናበታቸው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ ጣት ያህል ቦታ ቢስት የማልተኛ ሰው፣ ይህን አፍኜ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አምና እዚሁ ከተማ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ልጃቸው ቤት እንዳሉ ሰማሁና ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑን አንብቤው እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው፤ እሱን አልጠየቁኝም። የተዘጋጀሁት ለቁጣ ነበር።

«ልኩን አልሳትኩም ነበር በይኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሳቱም፣ ጋሽ ይመር።»

«እኔ እኮ ከዚያ በኋላ መፍቻ አልያዝኩም። የሰው ንብረት አጠፋለሁ ብዬ።»