«አልፈልግም» ማለትን የምንለማመድበት ክፍል

ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ ላስተምር የተመደብኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጠመኔና ዳስተር አስጨብጦኝ እስከ ክፍሉ በር ሸኘኝ። እዚያ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የመራባት ምዕራፍ ላይ ስትደርሽ ለቤት ሥራ ስጪያቸው» አለኝ።

«ቤታቸው ማን ያስረዳቸዋል?» አልኩት።

«ማንም። ለዚህ እኮ ነው የምልሽ።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወላጅ ፈርቶ ነው። እኔ ደግሞ የአምባሰል ልጅ ነኝ፣ ተይ የተባልኩትን መተው አይሆንልኝም። ምዕራፉ ሲደርስ ሥዕሉን ሰሌዳ ሙሉ ሣልኩት። ወንዶቹ ዴስክ ሥር ገቡ፤ ሴቶቹ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው ያስረዳሁት።

የአካል ክፍሎቹን ስም ቶሎ ለመዱት፤ ፈተናም ላይ ይደፍኑታል። የቸገራቸው መናገር ነበር። የሴቶች ክበብንም ደርበው ስለሰጡኝ ልጃገረዶቹ ጉዳቸውን ያጫውቱኛል። አንዱ የማትፈልገውን ጠይቋት እንደሆነ፣ «ምን አልሽው?» እላለሁ። «ዝም አልኩት» ትለኛለች። ዝም አይነቅዝም እየተባሉ ነው ያደጉት። እሷ ዝምታዋን እምቢታ አድርጋ ትቆጥረዋለች፣ እሱ እሺታ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ስንቷ ልጅ በዚሁ ምክንያት አርግዛ ትምህርቷን ስታቋርጥ አየሁ።

ስለዚህ ልምምድ ጀመርኩ። ሴቶቹ በየተራ ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ «አልፈልግም» ይላሉ። የሳቀች ትደግማለች። ቀጥሎ የወንዶቹ ተራ ነው፤ ቃሉን ሰምተው፣ ሳያኮርፉና «ለምን?» ሳይሉ፣ «እሺ» ይላሉ። ቀላል መስሏቸው ነበር። አንዱ ተነስቶ «እሺ፣ ግን...» ሲል ክፍሉ በሙሉ «ግን የለም!» ብሎ ይጮህበታል። ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ጡረታ ወጥቼም የትምህርት ቤቱ ደወል እስከ ቤቴ ይሰማል፤ በሰማሁት ቁጥር ጠመኔዬን ልፈልግ እነሳና መልሼ እቀመጣለሁ።

ዘይነባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከአርዲቦ ወገን መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ጎበዝ ልጅ። ድምፅ ግን የላትም። ተራዋ ሲደርስ ከፊት የተቀመጡትም አይሰሟትም።

«ወላሂ ቲቸር፣ ድምፄ አይወጣልኝም» አለችኝ።

«አብሽሪ። ዛሬ ለእኔ ብቻ በይው፣ ነገ ደግሞ ለመስኮቱ።»

መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። በየምሳ ሰዓቱ ወደ ውኃው ዞራ ትለማመድ ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ ኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሰሟትና አጨበጨቡላት።

አንድ ሰኞ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረች። አባቷ ዐረብ አገር ሊልኳት ቆርጠዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ለጎረቤት ሰው ኒካህ ይታሰርላታል። እኛ አገር የታወቀ ነገር ነው። ልጅቷ ለጥቂት ወር ትዳርና ተፈትታ ትሄዳለች። ወላጅ፣ «እዚያ ምን እንደሚያገኛት አይታወቅም፤ ክብረ ንጽሕናዋ እዚሁ ለባሏ፣ በወግ በማዕረግ ይሁን» ይላል። ከመውደድ የመጣ ስለሆነ ለመከራከር ይከብዳል።

«ፈቃድሽን ይጠይቁሻል?» አልኳት።

«ኒካሁን የሚያስርልኝ ወኪል ምስክሮች ይዞ ይመጣል። ዝም ካልኩ እሺ ማለቴ ነው።»

«ዝም ካላልሽስ?»

ቦርሳዋን አነሳች። ለወረዳው ላመልክትልሽ ብላት፣ «አባቴን ፖሊስ እንዲይዝብኝ አልፈልግም» አለች። ይህችን ግን ጥርት አድርጋ ነው ያለቻት። ኒካሁ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም።

ጁምዓ ጠዋት አባቷ ጋሽ ሰይድ፣ ሽርጣቸውን አሸርጠው ዱላቸውን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝና ጆሮዬ ሥር «አልነገርኩሽም?» አለኝ።

«ዘይነባን የሚያስተምሯት አንቱ ነዎት?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

«እኔ ነኝ። ይቀመጡ እንጂ።»

አልተቀመጡም። «ወኪሉ ሲጠይቃት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አልፈልግም አለች። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሽማግሌዎቹ ዞረው እኔን አዩኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ያችን ልጅ ስንት ዓመት ሳሳድጋት፣ ወላሂ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም ኖሯል። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?» ከዚያ በዱላቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። «ትማር ብዬ ይዣት መጥቻለሁ። እበሩ ላይ ናት።»

ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሊያስገባት ወጣ።

ዘይነባ ጨረሰች፤ ማለፊያው ነጥብ ግን አልመጣላትም። በዚህ ጊዜ ዐረብ አገር ልሂድ ያለችው ራሷ ናት። አባቷ ደግሞ ቅሪ ብለው ለመኗት፤ አልፈልግም አለቻቸው። አሁንም እሺ አሉ። ሚኒባሱ የደሴን መንገድ ይዞ ሲሄድ እኔና አባቷ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን።

ጋሽ ሰይድ ገበያ በወጡ ቁጥር ከባጃጅ ወርደው ደጄ ይቀመጣሉ።

«ደወለችልዎ?» ይሉኛል።

«ደውላለች።»

«ደህና ነኝ አለች?»

«ደህና ነኝ አለች።»

እውነት ይሁን አይሁን ሁለታችንም አናውቅም። እዚያ ሰው ቤት ውስጥ አልፈልግም ስትል እሺ የሚላት ሰው ይኑር አይኑር እንጃ። አንድ ጊዜ ልጠይቃት ብዬ ፈራሁ። በጣም ትናፍቀኛለች።

አሁን ለምታስተምሩት የምለው አጭር ነው። ሴቶቹ እንዲናገሩ ማድረግ ከሥራው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ሰሚውን ማስተማር ነው፤ ወንዶቹንም፣ አባቶቹንም። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባቸው፤ ክፍለ ጊዜ ስትደለድሉ ለእሱ አብዝታችሁ ያዙለት።